ምንጩ ባህር የሆነበት ጠዋት

አኬኔሴ የዋና ልብሱን ከማስጫው ገመድ ላይ አወረዱና ማንገቻውን በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት። ትንሽ አሰቡ። ደግመው ቀመሱት። ቴሌሲያ ከቤቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን እየጎነጎነች ታያቸዋለች፤ የአጎቷ ሚስት ምላስ እንዲህ ያስፈራታል ብላ አስባ አታውቅም።

«ጨው ነው» አሉ አኬኔሴ፤ ልብሱን አጣጥፈው ጎረቤት ሳያይ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የዋና ልብስ ላይ ጨው ተገኘ ተብሎ ማን ይገረማል? ፋሌሉአ የሳሞአ ደሴት የባህር ዳር መንደር ናት፤ እዚህ ጨው የሌለው ልብስ የፓስተሩ ኮት ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ግን የመንደሩ ታላቅ ሹም አረፉ። የዛጎሉ መለከት ተነፋ፣ ባህሩም ተዘጋ። ተዘጋ ማለት ደግሞ ተዘጋ ነው፤ ታንኳ አይወጣም፣ መረብ አይጣልም፣ ሕጻን እንኳ እግሩን አይነክርም። ቀብሩ ቅዳሜ ተፈጽሞ ሰኞ መለከቱ እንደገና እስኪነፋ ድረስ ባህሩ የሟቹ ነው።

ማክሰኞና ረቡዕ ሰው ሁሉ አከበረው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ግን ቴሌሲያ ከባህሩ ጥግ ባለው የምንጭ ገንዳ ውስጥ ስትዋኝ የባህሩ ሙላት ደረሰባት። ዛሬ ዓርብ ሸንጎው ስለዚሁ ሊቀመጥ ነው። ቅጣቱን የማያውቅ የለም፦ እገዳውን የጣሰ ሰው ባህሩ እስኪከፈት ከመንደሩ አይወጣም። የቴሌሲያ መርከብ ደግሞ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከሳሌሎሎጋ ወደብ ይነሳል። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ባሻገር ባለችው ዋና ከተማ በአፒያ፣ የመጨረሻው ማጣሪያ ነው፤ አራት መቶ ሜትር ነጻ ቀዘፋ፣ ሚኒማው አራት ደቂቃ ከሃያ ስምንት ሰከንድ። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው። ነገ ካልዋኘች ከእንግዲህ የምትዋኘው ለገላዋ ብቻ ነው።

ዋናን የተማረችው በዚህ ባህር አይደለም። አባቷ በወጣትነቱ ከፋሌሉአ ወጥቶ ኦክላንድ ፋብሪካ ገባ፤ እሷም እዚያ ተወልዳ፣ ዓይን በሚያቃጥል የትምህርት ቤት ገንዳ ውስጥ ዋናተኛ ሆነች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለሳሞአ ዋኘች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት፣ ከደሴት ደሴት፣ ከገንዳ ገንዳ። አንድ ጊዜ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች፤ የቀረው አምስተኛ፣ ሰባተኛ፣ አንዳንዴም «ከማጣሪያው አላለፈችም» ነው። ስለ ዋናዋ የነገሯት ሰዎች ሁሉ፣ አሰልጣኞችም ዘመዶችም ጋዜጠኞችም፣ የነገሯት ቁጥር ነበር። ይኸን ያህል ቀነስሽ፣ ይኸን ያህል ጨመርሽ፣ ከግድግዳው ስትዞሪ ይኸን ያህል ባከነ። ሌላ ነገር እንዳለ ረስታዋለች።

አምና የኦክላንዱ ክለብ የእሷን መስመር ለአንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲሰጥ፣ ዕቃዋን ሰብስባ አጎቷ ቤት መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ መርከብ ተሳፍራ አፒያ ገንዳ ውስጥ ትዋኛለች፤ በተረፈው ቀን በመንደሩ የምንጭ ገንዳ ውስጥ ትለማመዳለች። ገንዳው ከዳር እዳር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ስለዚህ ወገቧን በገመድ ታስራ፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ከዳር ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ግንድ ላይ ትቋጥርና ባለችበት ትቀዝፋለች። የመንደሩ ሴቶች ይህን ባዩ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ። ልብስ ሊያጥቡ ሲመጡ «አሳማዋን ዛሬስ የሚፈታት የለም?» ይላሉ፤ እሷም እንደ አሳማ አጉረምርማ ውሃ ትረጫቸዋለች። ነገሩ የዘወትር ሰላምታ ሆኖ ቀርቷል።

ታላቁ ሹም ባረፉ ማግስት ወደ አፒያ መሻገር ትችል ነበር። አትሂጂ ያላት ሰው የለም። ነገር ግን ለልቅሶው በስጦታ የሚቀርበውን ሰሌን ተሸካሚ ሲጠፋ፣ እንግዳ በየሰዓቱ ሲመጣ፣ የቤቱ ልጅ ሻንጣዋን አንጠልጥላ «ውድድር አለብኝ» እንዴት ትላለች? አፏን ሞልታ ልትለው አልቻለችም። እስከ ዓርብ አገለግላለሁ አለች፤ በመሃሉ ልምምዷ እንዳይቋረጥ ምንጩ አለ። ምንጩ ጨው የሌለበት ውሃ ነው። አያቶች በድንጋይ ካብ ከባህሩ የለዩት ነው። ሴቶቹም በዚያው ሳምንት ከዚያው ይቀዱ ነበር። ብቻ በሙላት ሰዓት ባህሩ በካቡ ላይ አልፎ ይገባል፤ ሙላት ሲጀምር ደግሞ ከገንዳው መውጣት ነው። ይህንን የፋሌሉአ ሕጻን ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

ሐሙስ የገባችው ባህሩ ሸሽቶ ሳለ ነው። የምንጩ ብርድ አጥንት ይበላል። እንደ ልማዷ ቀዘፋዋን መቁጠር ጀመረች፤ ሁለት ሺህ ስትደርስ ልትወጣ፣ ያኔ ሙላቱ ገና ሩቅ ነው። ዘጠኝ መቶ ምናምን ላይ ቁጥሩ ከእጇ አመለጠ። ሌላ ቀን ቢሆን ተናድዳ ቆማ ከመጀመሪያው ትጀምር ነበር። ያን ዕለት አልፈለገችውም። ክንዷ ይሄዳል፣ ውሃው ይመጣል፣ ትንፋሿ አይቸኩልም፤ ገመዱም ከወገቧ ላይ የሌለ መሰላት። ደስ አላት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ውሃ ውስጥ ሆና እንዲህ ደስ ያላት ጊዜ ትዝ አይላትም። ውሃው ቀስ በቀስ ሞቅ ሲል የሰውነቷ ሙቀት መሰላት እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠረችም።

ራሷን ቀና ስታደርግ ካቡ የለም። ባህሩ ከፊቷ እስከ አድማስ አንድ ሆኖ ተዘርግቷል፤ እሷም መካከሉ ላይ በገመድ ታስራ ቆማለች። ዳር ላይ ማንም አልነበረም። ቋጠሮውን ከወገቧ ፈትታ እየሮጠች ወጣች፤ በድንጋጤ ገመዱን ከዛፉ ላይ ረሳችው። የባህር ዳሩን የሚጠብቁት ወጣቶች ዞረው ሲመጡ ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ከዛፉ ተነስቶ ባህሩ ላይ የሚንሳፈፍ ገመድ። የማን ገመድ እንደሆነ ጠያቂ አላስፈለገም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሹማምንቱ ገቡ። የሸንጎው ቤት ግድግዳ የለውም፤ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ናቸው፣ እያንዳንዱም ሹም ጀርባውን የሚሰጥበት የራሱ ምሰሶ አለው። የቴሌሲያ አጎት የፔሌናቶ ምሰሶ ከኋላ ጥግ ያለው፣ ዝናብ ሲመጣ የሚረጨው ነው። ለዚያች ምሰሶ ሠላሳ ዓመት አገልግለዋል፤ እሳት አንድደዋል፣ ጎደሬ ተሸክመዋል፣ ለሹማምንት ካቫ የተባለውን የሥርዓት መጠጥ አቅርበዋል። ወንድማቸው ባህር ማዶ ሲሄድ እርሳቸው ቀርተው ነው። የተሾሙት ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። በስብሰባ ላይ እስካሁን የተናገሩት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ አንዱም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቧንቧ ነበር።

ሴቶቹ ከቤቱ ውጪ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ይሠራሉ። ሁሉም ነገር ይሰማቸዋል። ዛሬ ስለ አሳማ የቀለደ የለም። አንዷ ጎረቤት ቀስ ብላ ቴሌሲያ ጭን ላይ አበባ ጨመረችላት፤ ማጽናናቷ ነው።

ፔሌናቶ ንግግራቸውን ጀመሩ። ሌሊቱን ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሲለማመዱት ቴሌሲያ ሰምታለች። እገዳው የተጣለው በባህር ላይ ነው አሉ። ምንጭ ምንጭ ነው፤ ከመሬት ይወጣል፣ ሰው ይጠጣዋል። ካቡን የሠሩት የዚህ ሸንጎ አባቶች ናቸው፣ የሠሩትም ይህ የእኛ ያ የባህሩ እንዲባል ነው። ልጅቱ የገባችው ምንጭ ውስጥ ነው። ሁለት ሦስት ሹማምንት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ፣ እኛስ በዚህ ሳምንት ከዚያ ውሃ ገላችንን ታጥበን የለም ወይ አሉ። ቴሌሲያ እጇ ላይ ያለውን አበባ ሳታውቀው ቅጠል በቅጠል አድርጋው ነበር። ሊሆን ነው አለች በልቧ፤ ሊሆን ነው።

የሸንጎው ተናጋሪ ታሊማ ረጅም በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰውን ማዋረድ ሲፈልጉ ያውቁበታል፣ ማዳን ሲፈልጉም እንደዚያው። ነገሩ ቀላል ነው አሉ። ሙላት ሳይገባ ወጥታ ከሆነ የዋኘችው በምንጭ ነው፣ ጥፋት የለባትም። ሙላቱ ካቡን አልፎ እሷ ውስጡ ከነበረች ግን የዋኘችው በባህር ነው። ገመድ በኋላም ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ገመድ ምስክር አይሆንም። ከዚያ ዙሪያቸውን ተመልክተው ጠየቁ።

«ውሃው ካቡን ሲያልፍ ልጅቱን ገንዳው ውስጥ ያያት ሰው አለ?»

ጠባቂዎቹ የደረሱት እሷ ከሄደች በኋላ እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯል። ታሊማ ይህን እያወቁ ነው እንደዚያ የጠየቁት። ውጪ የተቀመጡት ሴቶች እንኳ ገባቸው፤ ሽማግሌው በሩን ከፍተው ይዘውላቸዋል፣ የሚፈለገው ዝምታ ብቻ ነው። አኬኔሴ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ባህሩ ከሩቅ አለቱ ላይ ሲሰበር ይሰማል።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ ፔሌናቶ።

ፔሌናቶ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቧንቧውን ባስረዱበት ድምፅ አስረዱ። ለልቅሶው ቤት የኮኮናት ቅጠል ሊቆርጡ ወጥተው ነበር። በካቡ ላይ ሲያልፉ ልጅቱን አዩና ቆሙ። ሙላቱ መጣ። እግራቸውን አለበሰው፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ከዚያ ጉልበታቸው ጋ ደረሰ። ቆመው ነበር። ልትጨርስ ስትል ቅጠላቸውን ይዘው ሄዱ።

«ታዲያ ለምን አልጠሯትም?» አሉ ታሊማ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አዝነው ነበር።

«የምመልሰው የለኝም» አሉ ፔሌናቶ።

ቴሌሲያ ብድግ ስትል አኬኔሴ የጸጉሯን ጉንጉን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። ሴት ልጅ እዚያ ቤት ገብታ አትናገርም፤ ብትገባስ ምን ልትል? እንዳልቆጠረች? ደስ ብሏት እንደነበር? ሹማምንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተመካከሩ። ፍርዱ ሲመጣ አጭር ነበር። የልጅቱ ጆሮ ውሃ ውስጥ ነበር፣ ዓይኗም ወደ ታች፤ የማያይ አይከሰስም። ጥፋተኛው ቆሞ ያየው፣ ለዚያውም ሹም የሆነው ሰው ነው። ልጅቱ ነጻ ናት፣ ወደፈለገችበት ትሂድ። ፔሌናቶ ለአንድ ዓመት ምሰሶአቸውን ይለቃሉ፤ ነገም በቀብሩ ላይ ከሹማምንት ጋር አይቀመጡም፣ ምግብ በሚበስልበት እሳት ቤት ያገለግላሉ።

ፔሌናቶ አመሰገኑ። የሚባለውን ሁሉ በሥርዓቱ ብለው፣ ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው ከሹማምንቱ ፊት አለፉና ወጡ። ምሰሶዋ ባዶዋን ቀረች።

ቴሌሲያ እሳት ቤት ስትደርስ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው፣ ጎደሬ መፋቅ ጀምረዋል። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ካቋረጡበት ቀጠሉ። ከእሳቱ ዙሪያ ያሉት ወጣቶች ወዴት እንደሚያዩ ጨንቋቸው ለማብሰያ የጋለውን ድንጋይ ያገላብጣሉ። እሷ አልሄድም አለች። ውድድሩ ይቅር አለች፤ እንዲያውም ዘንድሮ ከአራት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ በታች ዋኝታ እንደማታውቅ፣ ሚኒማውን የማሟላቷ ነገር ከመጀመሪያውም የሚያጠራጥር እንደነበር፣ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገረችውን ሁሉ እዚያ ጭስ ውስጥ ቆማ ተናገረች። ፔሌናቶ ቀና ሳይሉ ጎደሬውን አገላበጡ። መልሱ የመጣው ከኋላዋ ከቆሙት ከአኬኔሴ ነው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ በባላቸውም በእሷም እኩል ተናድደዋል።

«ምሰሶውን እንደሆነ ለቋል» አሉ። «አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ጎደሬ ብትልጪ ይመለስለታል? ሂጂ፣ ቦርሳሽን አምጪ።» የታጠፈውን የዋና ልብስ ከብብታቸው አውጥተው ደረቷ ላይ ለጠፉት። ጨዉን አጥበውት ነበር፤ ገና እርጥብ ነው።

ወደ ሳሌሎሎጋ የወሰዷት ፔሌናቶ ራሳቸው ናቸው፤ በአሮጌዋ ፒክአፕ፣ በጎደሬ በቆሸሸ እጃቸው። መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ ነው። በየመንደሩ ሰው እጁን ያነሳላቸዋል፤ ወሬው ገና አልደረሰም። እርሳቸውም እጃቸውን ያነሳሉ። ቴሌሲያ የምትለውን በልቧ አሥር ጊዜ አዘጋጅታ አሥር ጊዜ ጣለችው። ይቅርታ ትንሽ ነው፣ አመሰግናለሁ ደግሞ የባሰ ትንሽ ነው።

ወደቡ ላይ መኪኖች አንድ በአንድ ወደ መርከቡ ሆድ እየገቡ ነበር። ፔሌናቶ ሞተሩን አጠፉ።

«ስለ እኔ ብለው ነው» አለች ቴሌሲያ። «ዝም ቢሉ ያልፍ ነበር። ታሊማ አሳልፈውልዎት ነበር።»

«ስላንቺ ብዬ አይደለም» አሉ። መሪውን እንደያዙ ናቸው። «ዝም ማለት አላየሁም ማለት ነው። የሟቹን ሹም ባህር መድፈሬ ያሳፍረኛል፤ ሌሊቱን አልተኛሁም። ግን ያንን አላየሁም ልበል? እሱን አልችልም።»

የምትጠይቀው ጥያቄ እንዳላት እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር። ስትጠይቀው ድምጿ የልጅ ሆነባት።

«ያዩት ምን ይመስል ነበር?»

ፔሌናቶ አሰቡ። ስለ ዋና የሚያውቁት ነገር የለም፤ ስለ ክንድ አገባብ፣ ስለ ሰከንድ፣ ምንም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ውድድሯን አላዩም። ሸንጎው ፊት ያጡትን ቃል እንደገና ሲፈልጉት ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ» አሉ። «ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። እንደዚያ ነበር የሚመስለው።»

የመርከቡ ጡሩንባ ጮኸ። ቴሌሲያ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አነሳች፤ ወርዳ በሩን ዘጋች፤ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ የአጎቷን እጅ፣ ያንን በጎደሬ የቆሸሸ እጅ፣ ሳመችና ሄደች። ዓይኗ ስለሞላ መወጣጫው ላይ የሚወርዱትን ሰዎች እየገጨች ነው የገባችው። ላይ ወጥታ ከአጥሩ ዘንግ ላይ ተደግፋ ስትመለከት ፔሌናቶ ከመኪናው ወርደው ነበር። ፀሐይ ላይ ቆመዋል። እሳት ቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል፣ መንገዱም ረጅም ነው፤ እርሳቸው ግን መርከቡ ከወደቡ እስኪላቀቅ፣ ከዚያም ክፍት ባህር ላይ እስኪወጣ ድረስ አልተንቀሳቀሱም።